የሚሠራውን ለምን ታድሳለህ?

ፓንጂ፣

ይኸው ስንት ዓመት፣ የሚሠራውን ነገር ሳትጠይቀኝ ታድስብኛለህ።

ያንተ ፕሮግራምና የእኔ የምግብ ትእዛዝ መመዝገቢያ ያንተ ኮምፒውተር ላይ አንድ የፕሮግራም ክፍል ይጋራሉ ያልከኝ ራስህ ነህ። ከትናንት ወዲያ ያንተው እንዲፈጥን ብለህ ክፍሉን አደስከው፤ የእኔው ከአዲሱ ጋር አልስማማም ብሎ ትእዛዞቼን ዋጠ። ትናንት በወይዘሮ ዋርቲኒ ባል መታሰቢያ፣ ለጸሎት የመጣው ጎረቤት ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ የሚወስደውን፣ እኔ ላዘጋጅ የታዘዝኩትን የሩዝ ቅርጫት ሳይዝ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«እትዬ ሱርቲ፣ አዲሱ እኮ ይሻላል!» አልከኝ።
ለማን? ሄደህ ለዋርቲኒ ንገራት።

የድሮውን መልስ ብልህ «ያኔ የእኔው ይቆማል» አልክ።

ቴምፔ፣ ያን የአኩሪ አተር ምግብ፣ ጠብሼልሃለሁ፣ አሙቀህ ብላ።
ትናንት ተናድጄ ስለ እናትህ የተናገርኩት... ተወው።

የጣልከው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የድሮው ክፍል ሳይታደስ አሁንም አለ። ሱቄ ወስጄ ተክዬዋለሁ። የበሩንም ቁልፍ ቀይሬያለሁ።

ሱርቲ