ከእናንተ ጣቢያ የመጣው ፖስታ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ መንገዱ ቢርቅም ሰላምታዬ ደጅህን አንኳኩቶ ይግባ። እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የሚያመን የለም።

እኔ ያው የመብራት መሥሪያ ቤታችንን የአደጋ ካሳ ክፍል እንደመራሁ አለሁ። ሪፖርት ሲመጣ ደንቡ መጀመሪያ ቀኑን ማየት ነው፤ አንተ ለመስመር ጥገና ከሄድክ ወዲህ ግን ዓይኔ የተጎጂው ስም ላይ ነው የሚያርፈው። ማክሰኞ ከእናንተ ጣቢያ ፖስታ መጣ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ ብዬ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። «ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፤ ሰው አልተጎዳም» ብላ ስታነብ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው እትዬ፣ ንብረት ተቃጥሎ ይሳቃል እንዴ? ደግሞ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው!» አለችኝ።

የኮሪደራችን አምፖል ከተቃጠለ ወር ሆነው። ትንሿ ልጄ «አጎቴ ነው የሚቀይረው» ብላ ማንንም አታስነካም፤ በመብራት ሠራተኛ ቤት ውስጥ በዳበሳ እንሄዳለን።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ስትጽፍልኝ በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ አትላክ፣ ከሱቅ ገዝተህ ላክ። ያለፈውን ደብዳቤህን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ወጥተህ በደህና ውረድልኝ።

የምትሳሳልህ እህትህ