ሹሙ የመረጠው ጥላ

ለምናፍቅሽ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ሳይገባ ጀመረሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? የትንሿ የወለቀው ጥርስ በቀለ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። አባባን ሳሉ ለቋቸዋል። ዓይናቸው ግን ያው ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ የቀረውን በእጃቸው ነው የሚያዩት። እኔም የሰው ፍሪጅ ስጠግን እውላለሁ። የገዛ ቤታችን ፍሪጅ እንደተበላሸ መሆኑን ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

በደወልሽ ቁጥር የእማዬን መቃብር ፎቶ ላክልኝ ስትዪኝ ወሬ እያስቀየርኩ ከርሜያለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነውና፣ በስልክ ያቃተኝን በወረቀት ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የዘንድሮው ክረምት እንደ ወትሮው አልነበረም። እዚህ በረሃ ዳር ዝናብ ማለት አቧራውን አርጥቦ የሚሄድ ነገር እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ሳያባራ ወረደ። ከመቃብሩ በላይ ያለው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ወጣና የታችኛውን ሜዳ ጠርጎት አለፈ። ስንደርስ መሬቱ እንደ ተላሰ ሳህን ሙልጭ ብሎ ጠበቀን። አባባ የከመሩት ኖራ የተቀባ የድንጋይ ቁልል የለም። የአጠገቧም ምልክቶች የሉም። መቃብር ቆፋሪው የሄደው የላዩ ነው፣ የታቹ ባለበት አለ ብሎ አጽናናን። የት ላይ እንዳለ ግን እሱም አላወቀም። ከሩቁ ግራር ወዲህ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን ያህል ወዲህ እንደሆነ የለካ የለም። በቀብሯ ዕለት ቆፋሪው የብረት ምልክት ልትከል ሲል አይሆንም ያሉት አባባ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ለሰው ስገነባ ኖሬ፣ ለሚስቴ እኔ ያልጠረብኩት ነገር አይቆምባትም አሉ። እኛም የግንበኛ ወግ ነው ብለን ተውናቸው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወደዚያ መሄድ ሆነ ሥራችን። ጎሕ ሲቀድ አባባ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የሹሙን ገመድ ይዘው ይወጣሉ፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ሹሙን አትረሺውም፤ ለማንም ከተቀመጠበት ስለማይነሳ እማዬ ሹመት የሰጠችው ውሻ ነው። እሷ ልብስ ልትጥፍ በርጩማዋን አንጠልጥላ ግቢውን ስትዞር፣ እግሯ ሥር እየተከተለ አረጀ። በረሃው ላይ ሲወጣ ግን እርጅናውን ይረሳል።

አሁን ብታዪው አገሩን አታውቂውም። አሸዋው ጠንክሮ እግር ይችላል። በየስንጥቁ ጥፍር የምታህል ቅጠል ብቅ ብላለች፤ ስሙን የማላውቀው ቢጫ አበባም ሜዳውን ሞልቶታል። ውሃ በቋጠረው ጉድጓድ ሁሉ ወፍ ይወርዳል። አባባ አያዩትም፤ ቆም እያሉ ሽታውን ይስቡታል። እማዬ ይህን ሳታይ መሄዷ ያንገበግበኛል። እሷን ያጠፋብን ውሃ አገሩን እንዲህ ማሳመሩም ያናድደኛል።

ሹሙ መጀመሪያ ሰሞን ሜዳውን እያሸተተ ዞረ። ከዚያ አንድ ቦታ መረጠና ተኛ። በማግስቱም እዚያው፣ ከዚያም በኋላ እዚያው። አንድ ጠዋት አባባ አጠገቡ ተንበርክከው ጀርባውን ዳበሱት፤ መሬቱንም ዳበሱት። ከዚያ ስጠርብላት የከረምኩትን ድንጋይ እዚህ እናቆማለን አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እኔም ከቀብሯ ወዲህ ያን ቀን ገና አለቀስኩ። ውሻው አገኛት ብለን ቀን ቆረጥን።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው፣ እትዬ። አባባን አመም ያደረጋቸው ዕለት ሹሙን ብቻዬን ይዤ ስወጣ አረፈድኩ። ሹሙ ቦታው ደርሶ ዞር ዞር አለና ትቶት ወደ ግራሩ ሄዶ ተኛ። ቆሜ ሳስተውል ክው አልኩ። በማለዳ የግራሩ ጥላ የሚደርሰው እኛ ቦታ ላይ ነው። ሲረፍድ ጥላው ይሰበሰባል፤ ሹሙም ተከትሎት ይሄዳል። ጥላ ፈልጎ የተኛ ውሻ ነው ያስለቀሰን።

ነገሩን በሆዴ ይዤ ሰነበትኩ። ብነግራቸው እማዬን ሁለተኛ ልቀብርባቸው ነው፤ ብተወው ደግሞ አባባ ያን ሁሉ ወር በዳበሳ የጠረቡትን ድንጋይ ባዶ መሬት ላይ ላስተክላቸው ነው። ድንጋዩን ልናቆም በወጣንበት ጠዋት፣ ሹሙ ቦታው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ነገርኳቸው።

አባባ አልደነገጡም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ጥላ መሆኑን የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት። ፀሐይዋ ፊቴን ስትለቀው አይታወቀኝም? እናትህ ከግራሩ ወዲህ ናት፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሻ ጥላ መከተል ከማን ተማረ?»

የእማዬ በርጩማ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ጠዋት ከበሩ ጋ፣ ሲረፍድ ከአጥሩ ሥር። ድንጋዩን አነሳንና አቆምነው።

ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ድንጋዩ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል፤ የአባባ እጅ ነውና አላቀናሁትም። ከሥሩ የምታዪው ግራጫ ነገር ሹሙ ነው፤ ተነስ ብለው አሻፈረኝ አለ። እማዬ ያለችው እዚህ ነው ብዬ አልምልልሽም። ስትመጪ ግን በማለዳ እንወጣለን፣ ጥላው ሳይሸሽ።

ለባልሽ የወንድምነት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅ ትከሻው ላይ መታ አድርጊልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ውሻው አያቷን እየጠበቀ ነው በያት። አባባ ጉልበትሽን በሙቅ ጨርቅ ጠቅልዪ ብለውሻል።

ወንድምሽ

ከእማዬ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር
መስከረም 20 ቀን፣ ረፋድ ላይ