የልብስ ተኳሿ የ«ካውያ» የሕይወት ታሪክና የደበቁት ፍርሃት

ወይዘሮዋ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በተወለዱበት ማለዳ በቤት ውስጥ የነበሩት ወላጅ እናታቸው፣ አክስታቸውና አዋላጇ ናቸው። ጸጉር አስተካካይ የነበሩት አባታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ሴት ልጅ መወለዷን ቢነግሯቸው፣ «እሰይ፣ የምትቆጣኝ ተገኘች!» አሉ። እንዳሉትም ሆነ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ አባታቸው ሲያርፉ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል በተኳሽነት ተቀጠሩ። እንፋሎት በሞላበት፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ሃያ ዓመት ያህል ቆመው ሠርተዋል። ቶሎ ግለው ቶሎ ስለሚበርዱ ባልደረቦቻቸው «ካውያ» አሏቸው፤ በዚያው ቀረ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው የሆቴሉን ሠራተኞች የሚያመላልሱትን ሹፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ወንዱን ልጅ ሲወልዱ የደም ግፊታቸው አሻቅቦ አንቀጠቀጣቸው፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ሲነቁ ሐኪሙ ሌላ እርግዝና ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ከቤታቸው አልወጣም። የወር አበባቸው ዘግየት ካለ ሥራ ላይ ቆመው ሐሳብ ይዟቸው ይሄድ ነበር፤ አንድ ጊዜ የእንግዳ ሸሚዝ አቃጥለዋል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጡት እያጠቡና የደም ግፊት እያለባቸው ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለው እንክብል እንደማይስማማቸው ገለጸችላቸው። ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ያለውን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያም አደረገችላቸው። «የወር አበባዎ ሊዛባ ይችላል፣ አይደንግጡ። ጡትዎ ላይ እብጠት ካገኙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ፤ ክንድዎ ላይ ያለው መውጣት ሊኖርበት ይችላል» ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

ካውያ ክንዳቸውን እየዳሰሱ «ዘበኛዬ» ይሏት ነበር። ባለቤታቸውም፣ «እኔን ትተሽ ክንድሽን ታቀፊ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በግራ ጡታቸው ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኙ። ነርሷ ያለችውን አልዘነጉም፤ ያስፈራቸውም ያው ነበር። ዘበኛዬን ነቅለው ባዶዬን ይሰዱኛል፣ አረግዛለሁ፣ ልጆቼን በትኜ እሞታለሁ ብለው ዝም አሉ። ገላቸውን ሲታጠቡ በር መቀርቀር ጀመሩ። ባለቤታቸው ሲቀርቧቸው ደክሞኛል ይሉ ነበር። እብጠቱ ግን ያድግ ነበር። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ካውያ ቀሚስ ሲለኩ ታላቅ እኅታቸው እብጠቱን አዩ።

«አንቺ! ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ በናትሽ ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ጤና ጣቢያ ካወቁ የክንዴን ያወጡብኛል።»

«ይውጣ! ተነሺ፣ ቀድመሽኝ ውጪ!»

ነርሷ በክንዳቸው ያለው ሲወጣ ሆርሞን የሌለው፣ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ ማስገባት እንደሚቻል ነገረቻቸው። ካውያ ክንዳቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ይኼን ብጠይቅሽ ኖሮ ያኔውኑ ትነግሪኝ ነበር?» አሏት። ነርሷም እንባዋ መጣ። የክንዳቸው ወጥቶ ሉፑ በዚያው ቀን ገባላቸው። ሆስፒታል ሲመረመሩ ግን እብጠቱ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበታቸው ጋም ደርሶ ነበር።

በአካባቢው «ያቺ የክንዷ ናት የገደለቻት» ሲባል ተሰምቷል። ሐኪሙ በሽታው ከእሷ መጣ ማለት እንደማይቻል፣ የጎዳቸው መዘግየታቸው እንደሆነ ለቤተሰቡ አስረድተዋል። ይህ ሁሉ በሐዘናቸው ላይ ሳይታፈርበት እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ካውያ ናቸው። ሴቶች በወሬ ፈርተው የወሊድ መቆጣጠሪያቸውን እንዳያስወጡ፣ እንደ እሳቸውም ፈርተው እብጠት እንዳይደብቁ፣ ሄደው እንዲጠይቁ አደራ ብለዋል።

ወይዘሮዋ አንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ዓርብ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አርፈዋል። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ እኅታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል፤ ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ስጋት በማይደርስበት ያሳርፍ፤ የልጆቻቸውንም እንባ ያብስ።

ታላቅ እኅታቸው በራሳቸው ጡት ላይ ያገኙትን ትናንት ለሐኪም አሳይተዋል። ውጤቱ ገና አልመጣም።