የእሌኒ መርዶ

ሀዲያ ዓለሜ፣ አላህ ካለሽበት ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፤ የጅዳን ሙቀት ያብርድልሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ አለን። ገብሱን ውርጭ መታው። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ቆሞ ይሄዳል።

እዚህ መካነ ሰላም ባለው ኮሌጅ አማካሪ ምክር ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ እንደማገለግል ታውቂያለሽ። ስገባ ሥራው ስብሰባ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን እሌኒ የምትባል የወረኢሉ ልጅ፣ ተማሪ፣ በጠና ታመመች። ደሴ ሆስፒታል እንዳትወሰድ በአካባቢው በተነሳው ተኩስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከአባላቱ ለኮሌጁ ቅርብ እኔ ነኝና ጠሩኝ። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ እኔም እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ወደ አገሯ መውሰድ ስላልተቻለ እዚሁ መካነ ሰላም ቀበርናት።

መንገዱ ሲከፈት መርዶውን ለቤተሰቧ እንድናደርስ እኛን የምክር ቤቱን አባላት ላኩን። እንደኔው አባል ከሆኑት ከቄስ ኪዳነማርያም ጋር ወረኢሉ ሄድን። እናቷ ቦጋለች ገና ከሩቅ አይታን እየሮጠች መጣች።

«ከኮሌጁ ናችሁ? ልጄ ልትመረቅ ነው?» አለችን።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። የነገርኳት እኔ ነኝ። መሬት ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ አለቀሰች። ኋላ ቀና ብላ፣ «ስትሞት ሰው አጠገቧ ነበረ?» አለችኝ።

«እኔ ነበርኩ፤ እጇን አለቀቅኩም» አልኳት።

እጄን ስባ ሳመችው፤ አልለቅም አለች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄ፣ አንቺስ የታመምሽ ለታ አጠገብሽ የሚቀመጥ ማን ነው? ስሙን ብቻ ላኪልኝ፤ በዱዓዬ ካንቺ ቀጥዬ ልጥራው። አላህ ደግ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ሀጀራ