ሰንበት ሳትገባ የሚያቆሙት ሾፌር፤ የአቶ ሙላት ይርዳው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙላት ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ፈጠነ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በደምብያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ተወለዱ። ጎንደር ከተማ ትምህርት ቢጀምሩም ከአራተኛ ክፍል አላለፉም፤ ልባቸው መንገድ ላይ ነበርና የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ቀሩ። ሾፌር ከሆኑ በኋላም በጎንደርና በመተማ መካከል ዓመታት ተመላለሱ። መኪናዋ ግን የነጋዴ ነበረች።

በ1970 ከወይዘሮ እታገኝ አወቀ ጋር ተጋብተው አራት ልጆች አፈሩ። በ1984 እንደ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ኢየሩሳሌም ገቡ። ዕብራይስጥ ለመማር ኡልፓን ሲገቡ፣ ወንበር ላይ መዋል ለእሳቸው ትልቅ ቅጣት ነበር። በ1987 መንጃ ፈቃድ አውጥተው ለአንድ ድርጅት ከዮርዳኖስ ሸለቆ አትክልት ማመላለስ ጀመሩ፤ አሁንም በሰው መኪና።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አልነበራቸውም። የራሴን መኪና ገዝቼ አጽማይ ልሁን፣ ለራሴ ልደር፣ ወይስ ደመወዜን ይዤ ልቀመጥ እያሉ ሦስት ዓመት ቤቱን አናወጡት። ቅዳሜ ማታ ቃታሞኒም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው እየተንጎራደዱ ይወስናሉ፤ እሑድ ማለዳ ያንኑ የሰው ቁልፍ ይዘው ይወጣሉ። ወይዘሮ እታገኝም፣ «ሥራ የጠፋ ዕለት ልጆቹ ጎማ ይበላሉ?» እያሉ መግቢያ አሳጧቸው። ኢየሩሳሌም ውስጥ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና ሲያልፉ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ገዳም ከደብረ ገነት ደጅ ቆመው የሚያማክሯቸው የአገራቸው ሰው፣ መነኩሴው አባ ገብረ አረጋዊ ደግሞ፣ «አንተ እኮ የፈለግኸው ባሻህ ሰዓት ማቆም ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1990 መጨረሻ አንድ ዓርብ ጭነቱ ዘግይቶ ተሰጣቸው። ኢያሪኮን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ጀምበር ጠለቀች። አቶ ሙላት ሰንበትን ሽረው አያውቁምና መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ እስከ ቅዳሜ ምሽት እዚያው ቆዩ። ቲማቲሙ ተበላሸ፤ አሠሪያቸው ተቆጣ። ቤታቸው ደግሞ «ሞተዋል» ተብሎ ተለቅሶ ነበር። ሲገቡ ወይዘሮ እታገኝ አንገታቸውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ፣ «በል ግዛት፤ ጎማም ቢሆን አብረን እንበላለን» አሉ።

መኪናዋ በ1991 ተገዛች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ቀትር ላይ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ትቆማለች። አቶ ሙላት ቁልፏን ለባለቤታቸው አስረክበው ቁጭ ሲሉ፣ ረግተው አየናቸው፤ ደስም አለን።

ደስታው ግን አልረዘመም። በ1992 በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ከሠራዊት የተመለሰው የበኩር ልጃቸው እንግዳ መኪናዋን ይነዳ ስለነበር፣ በየዓርቡ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ «መኪናዋ ቆመች?» ሳይሉ አይውሉም ነበር። በመጨረሻው ዓርብ እንግዳ ዘገየ። እሳቸው ትንፋሽ እያጠራቸው በሩን በሩን ሲያዩ ዋሉ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ልጃቸው ገብቶ ቁልፏን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው፤ ጨብጠው ተኙ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1993 ንጋት ላይ፣ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ቁልፏን ከእጃቸው ያወጣነው ሰንበት ከወጣች በኋላ ነው።

ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸውና ወዳጅ ዘመዶቻቸው በሐዘን ቀርተናል። ዛሬ እሑድ የሥራ ቀን ቢሆንም መኪናዋ ቆማለች። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ አቶ ሙላትን ሰንበት በማትወጣበት ዕረፍቱ ያኑርልን።