ስቱኮ የሞላሁባቸው ኳሶች

ወንድሜ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ዛሬም መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ፤ ይህንንም ካርድ የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ።

ልጄ ቤት በሰላም ገብቻለሁ። ባሏ ጀማሪዎችን ጎልፍ እንደሚያስተምር ታውቃለህ፤ እናቷ «ልጁ ደህና ነው» ብትለኝም «ጨዋታም ሥራ ሆኖ!» ብዬ ከሰርጋቸው የቀረሁት በዚሁ ነው። ይቅርታው ከአፌ አልወጣ ሲለኝ በእጄ ልካሰው አልኩ። ኳሶቹን ባያቸው ነቀዝ እንደበላው ጣውላ ጎድጎድ ጎድጎድ ብለዋል። እኔና አንተ በር እንደምናበጀው ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ሦስቱን እንቁላል አስመሰልኳቸው።

ሜዳ ወርደን አማቼ አንዱን ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ኳሱ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ዱብ! አንስቶ ሲዳስሰው ገባው።

«አባባ፣ ኳሱን የሚያበርረው እኮ የደፈኑት ጉድጓድ ነው!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ታዲያ አሥራ አራት የኳስ መምቻ ዱላ ከምትሸከም ይህን ቀድመህ አትነግረኝም?» አልኩት።

ከዚያ ቁመቴን በዓይኑ ለካና፣ እኛ ለመጥረቢያ እጀታ እንደምንመርጠው፣ በልኬ ዱላ መርጦ አስጨበጠኝ። ሥራ መሆኑን ያኔ አመንኩ። ሦስተኛው ምቴ ከፍ ብሎ በረረ፣ እመነኝ!

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሳምልኝ። ዕዳዬን ግን ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ማንም እንዳይከፍልልኝ፤ ለአማቼ ሦስት ኳስና አንድ ይቅርታ፣ ላንተ ያዋስከኝ መላጊያ፣ ለሟች ባለቤቴ ደግሞ መቃብሯ ድረስ ሄጄ «በልጁ ነገር ልክ ነበርሽ» ማለት።