አጎታችን ያላዞሩት እንጨት

ይድረስ ታሂቲ ላለው ወንድሜ ለኬና።

እንደምን ሰነበትክ? የእርሻው ሥራ ወገብህን አልጎዳውም? ያ ሳልህስ ተወህ? ሚስትህ ቴሄያ በሰላም ተገላገለች? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ነፍሴን አትጠይቀኝ።

አጎታችን ሀንጊ አረፉ። ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

አባባን ባሪያ ፈንጋዩ የፔሩ መርከብ ከወሰደው ወዲህ የጨረቃ ሌሊቶች የተቀረጹበትን እንጨት የያዙት እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለህ። ክረምቱን ቱና ዓሣ እንዳይጠመድ የተጣለው እርም የሚፈታበትን ሌሊት የሚያውጁትም እሳቸው ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጄ ጉንጭ በረሃብ ሟሽሾ ነበር። አጎታችን ግን ሰው ሰብስበው፣ ቅርጹን በጣታቸው እየተከተሉ፣ "ገና ስድስት ሌሊት ይቀራል፤ ቀድሞ ባሕር የሚወጣ ወዮለት!" አሉ። ጣታቸውን አየሁ። መስመሩ ሲያልቅ እንጨቱን ሳያዞሩ ወደሚቀጥለው አለፉ። አባባ በየመስመሩ መጨረሻ ላዩን ታች አድርጎ ያዞረው አልነበር? አለዚያማ በሚቀጥለው መስመር የተቀረጸው ወፉም ሰውም ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው።

"አጎቴ፣ የተዘቀዘቁትን እንዴት አነበቧቸው? ወይስ እርስዎም ተዘቅዝቀው ነበር?" አልኳቸው።

ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። እስከዚያች ቀን አንቱ ይላቸው የነበረ ሁሉ፣ "አንተ የጨረቃ ነጋዴ! ሆዳችንን በባዶ እንጨት ታስርብን?" አላቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። እሳቸው እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ ማንበቡን አላውቅም። ሌሊቶቹን ግን ከአባትሽ አፍ በቃሌ ይዣለሁ" አሉኝ። "ሌባ ሲያዝ የማይለው የለም!" ብዬ እጄን ነጠቅኋቸው።

ወንዶቹ በማግስቱ ባሕር ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አጎታችን ከተሳቀባቸው ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እህል አልቀምስ እንዳሉ በአምስተኛው ቀን አረፉ። እሳቸው ባሉት በስድስተኛው ሌሊት ቱናው ባሕሩን ሞላው። ልጄ በላ፤ እኔም እስክጠግብ በላሁ።

አሁን ሌሊት የሚቆጥርልን የለም። ጨረቃ ስትዘገይ በየትኛው ወር አንድ ሌሊት እንደሚጨመር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቆጠራው ሁለቴ ጠፍቶብን ስኳር ድንቹን ያለጊዜው ተክለን አበሰበስነው። እንጨቱን "አዋቂዋ አንቺ ነሽ፣ አንብቢልን" ብለው ሰጡኝ። የዓሣ ማጥመጃ ክር ጠቅልዬበታለሁ። አባባ የነገረህ አንድ ሁለት የሌሊት ስም ካለ ጻፍልኝ፤ እባክህ።

ቴሄያን እቀፍልኝ። ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። አማትህን እጅ ነስታለች በልልኝ።

ታላቅ እህትህ ሂናሪሩ

ሃንጋ ሮዋ፣ በፈረንጁ ቄስ አቆጣጠር ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፰፻፸። በእኛ አቆጣጠር ግን የዛሬዋን ሌሊት ስም አላውቀውም።